ከሳ፥ ጠቆረ፤ ስለ አድሬናል ዕጢ ሕመምና ስለ ኤች.አይ.ቪ. በላስታ ደጋ

ባላገር ዘመዱን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሲያገኘው ከሰላምታው ቀጥሎ «ምነው ከሳህ? ምነውስ ጠቆርህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ይህ አነጋገር በላስታም ሆነ በዋግ፥ በየጁም ሆነ በሸዋ አንድ ነው። መክሳትና መጥቆር ተጣምረው የሚነገሩ የመከራ ምልክቶች ናቸው፤ ረኀብም ቢሆን፥ ኀዘንም ቢሆን፥ እስራትም ቢሆን፥ ሕመምም ቢሆን ሰውን «አከሳው፥ አጠቆረው» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው፥ ይኸው ሁላችንም የምንናገረው ቃል ከ170 ዓመት ገደማ በፊት በሎንዶን አንድ ሐኪም ስለ አንድ በሽታ ከጻፈው መግለጫ ጋራ የሚገጥም መሆኑን ነው። ዳሩ ግን ቃሉ ለመከራ ሁሉ ስለሚበቃ በሽታው ከቃሉ ጀርባ ተሰውሮ ይኖራል፤ ኤች.አይ.ቪ. ከመጣ ወዲህ ደግሞ ይህ መሰወር የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ሆኗል።

ወደዚህ ጥናት ያመጣን መጽሐፍ አይደለም። በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አብሮን የተማረ የላስታ ልጅ ጓደኛ አለን። እናቱ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው እንዳለ ካወቁ ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ መድኃኒታቸውንም አንድ ቀን እንኳ ሳያጓድሉ ይውጡ ነበር። በኋላ የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸውና የነቀርሳው መድኃኒት ተጨመረላቸው። ሁለተኛው ሳምንት ሳይሞላ ከመኝታቸው ሲነሡ ዓይናቸው ይጨልም፥ የበሉትም ይመለስ ጀመር፤ ከምግብ ሁሉ የሚያምራቸው ጨው የበዛበት ብቻ ሆነ። ከጤና ባለሙያ ዘንድ ሲሄዱ «ደም ማነስ ነው» ተባሉ፤ ጎረቤት «ጾሙ ነው» አለ፤ ዘመድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያው በሽታው ነው» አለ። በሦስተኛው ሳምንት ዐረፉ። እኛ ሐኪሞች ስላልሆንን የሞታቸው ምክንያት ይህ ነው ብለን አንፈርድም። ነገር ግን ጓደኛችን የነገረንን ከሕክምና ታሪክ መጻሕፍት ጋራ ባስተያየነው ጊዜ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። (ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ በአውሮጳ አቆጣጠር፥ የአገራችን ግን በራሳችን አቆጣጠር መጻፉን አንባቢ ይወቅልን።)

አድሬናል የሚባሉት ዕጢዎች ሁለት ናቸው፤ በሁለቱ ኩላሊቶች ራስ ላይ እንደ ቆብ ተደፍተው ይገኛሉ። የአንዱ ክብደት ከ5 ግራም እምብዛም አያልፍም። ኢጣልያዊው የአካል ሊቅ ባርቶሎሜዎ ኤውስታኪ በ1563 ስለ እነሱ ጽፎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ለ300 ዓመት ያህል ጥቅማቸው ምን እንደ ሆነ በእርግጥ የተናገረ አልተገኘም። ዛሬ እንደሚታወቀው ውስጠኛው ክፍላቸው አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ሲያመነጭ፥ ልጣቸው ደግሞ ኮርቲሶልንና አልዶስቴሮንን ያወጣል። ኮርቲሶል ሰው በሕመም፥ በረኀብ፥ በቁስል ጊዜ እንዳይወድቅ ደግፎ የሚይዘው ነው፤ አልዶስቴሮን በበኩሉ ጨው ከሽንት ጋራ ወጥቶ እንዳያልቅ ይጠብቃል። ሁለቱ ሲጎድሉ የደም ግፊት ይወርዳል፥ የደም ስኳር ያንሳል፥ ሆድ ይታመማል፥ ያስመልሳል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ጨው ጨው ያሰኛል።

ዐፄ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም በነገሡበት ዓመት፥ ማለት በ1855፥ በሎንዶን በጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ቶማስ አዲሰን የ11 በሽተኞችን ታሪክ ሰብስቦ አንድ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተመ። በሽተኞቹ ደክመው፥ ከስተው፥ ቆዳቸው ጠቁሮ የሞቱ ነበሩ። አስከሬናቸው ሲመረመር ዕጢዎቹ ተበላሽተው ተገኙ፤ በበርካታዎቹም ላይ ያበላሻቸው የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ነቀርሳ ከሳንባ ተነሥቶ በደም ወደ ሌላ አካል እንደሚዛመት እናውቃለን፤ ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ዕጢ ነው። በዓመቱ ብራውን ሴካር የተባለ ሊቅ ዕጢዎቹ የወጡባቸው እንስሳት እንደሚሞቱ በሙከራ አሳየ። ትሩሶ የተባለው የፓሪስ ሐኪም ደግሞ ሕመሙን «የአዲሰን በሽታ» ብሎ ሰየመው።

ቆዳው የሚጠቁርበት ምክንያት የተገለጠው ብዙ ቆይቶ ነው። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የተባለች ዕጢ አድሬናልን የምታዝዝ አለቃ ናት። አድሬናል ሥራውን ሲያቆም አለቃይቱ ያልሰማ መስሏት ትእዛዟን እየደጋገመች ትልካለች፤ ያ የትእዛዝ ሆርሞን ሲበዛ የቆዳን ቀለም ያጠቁራል። ስለዚህ መጥቆሩ ፀሐይ በማይነካው ስፍራ፥ በመዳፍ መሥመር፥ በድድና በጉንጭ ውስጥ፥ በድሮ ጠባሳም ላይ ጭምር ይታያል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ላስታ ስንመለስ ይጠቅመናልና።

ስለ ጨው ጥቂት እንጨምር። ጨው በእኛ አገር ገንዘብ ነበር። አሞሌው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር እየተቈረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ወጥቶ በሰቆጣ ገበያ በኩል ወደ ላስታ ይገባ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየውና የላሊበላንም አብያተ ክርስቲያናት አይቶ የጻፈው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ጨዉ ከሚቈረጥበት ስፍራ እየራቀ በሄደ ቍጥር ዋጋው እየበዛ እንደሚሄድ አመልክቷል። በደጋ ሰው ዘንድ ጨው ውድ ስለ ነበረ አንድ ሕመምተኛ ጨው መላስ ቢያበዛ ነውር ወይም ብልግና መስሎ ቢታይ አያስደንቅም። በሌላው የዓለም ወገን በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ሎብ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም በአዲሰን በሽተኞች ደም ውስጥ ሶዲየም እንደሚያንስ አስረድቶ ጨው እያበሉ ዕድሜያቸውን ማራዘም እንደሚቻል አሳየ። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን በሽተኛው ጨው መመኘቱ ሰውነቱ ራሱ የጻፈው የመድኃኒት ትእዛዝ ነበር ማለት ነው።

እውነተኛው መድኃኒት የመጣው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ኬንዳልና ራይክሽታይን የዕጢውን ሆርሞኖች ለይተው በማውጣታቸው፥ ሄንች ደግሞ ኮርቲዞንን በበሽተኞች ላይ በመሞከሩ በ1950 የኖቤል ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ የአዲሰን በሽተኛ በየቀኑ ጥቂት ክኒን እየዋጠ እንደ ሰው ሁሉ መኖር ቻለ። እዚህ ላይ ከመሥመራችን ጥቂት ወጣ ብለን አንድ ነገር እናስታውሳለን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ዋሺንግተን በገቡ ጊዜ በባቡር ጣቢያ የተቀበሏቸው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ይህ በሽታ በ1947 የተገኘባቸውና በሆርሞን መድኃኒት የሚኖሩ ሰው ነበሩ። በምርጫው ጊዜ ወገኖቻቸው ነገሩን ክደው ነበር። የፊታቸውም መጥቆር ፀሐይ የመታው ጤናማ ሰው አስመስሏቸው ነበር። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት የተሰወረ በሽታ ለላስታ ገበሬ ቢሰወር ምን ያስደንቃል?

ኤድስ በአሜሪካ በ1981 ከተገለጠ በኋላ፥ በበሽታው የሞቱትን አስከሬን የመረመሩ ሐኪሞች ከሆርሞን ዕጢዎች ሁሉ ይልቅ አድሬናል ተጎድቶ እንደሚገኝ አስተዋሉ። ብዙውን ጊዜ ጉዳት አድራሹ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የተባለው ሌላ ቫይረስ ነበር፤ ይህ ቫይረስ በጤነኛ ሰው ውስጥ ዝም ብሎ የሚኖር፥ የሰውነት መከላከያ ሲወድቅ ግን የሚነሣ ነው። ነቀርሳና ፈንገስም እንደዚሁ ያደርጋሉ። ነገር ግን ዕጢው ትልቅ ትርፍ ኃይል አለው፤ ከ10 እጅ 9 እጁ እስኪጠፋ ድረስ በደኅና ቀን ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ በአስከሬን ላይ የታየው ጉዳት በሕይወት ካሉት በሽተኞች ላይ ከሚገለጠው ድካም ይልቅ የበዛ ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ሰውየው በቀረችው ጥቂት ኃይል ሲሄድ ይቆይና ወባ፥ ተቅማጥ፥ ወይም ቀዶ ሕክምና ሲመጣበት በድንገት ይወድቃል።

ከዚህም በላይ የሚያሳዝነው መድኃኒቱ ራሱ አንዳንድ ጊዜ በዚህ ዕጢ ላይ መነሣቱ ነው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ጉበትን ስለሚያተጋው ጉበት ኮርቲሶልን ከወትሮው አብልጦ ያፈርሳል። ዕጢው ጤነኛ ከሆነ አብዝቶ በማመንጨት ይተካዋል፤ ዕጢው በነቀርሳው ወይም በቫይረስ ተበልቶ ያለቀ ከሆነ ግን ሊተካው አይችልም፤ ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሽተኛው ሊወድቅ ይችላል። ነቀርሳውን ለማጥፋት መድኃኒቱ የግድ ነው፤ ማንም ሰው ይህን አንብቦ መድኃኒቱን እንዳይተው አጥብቀን እናሳስባለን። ኬቶኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒትም ዕጢው ኮርቲሶል እንዳይሠራ ያግደዋል። በሁለተኛ መሥመር የኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ውስጥ የሚገባው ሪቶናቪር ደግሞ የሪፋምፒሲን ተቃራኒ ነው፤ ጉበትን ያዘገየዋል። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለአስም የሚሳብ ወይም ለመገጣጠሚያ የሚወጋ ኮርቲዞን መሰል መድኃኒት ቢጨመርለት ያ መድኃኒት ሳይፈርስ በሰውነቱ ውስጥ ይከማቻል፤ ፊቱ ያብጣል፥ ሆዱ ይነፋል፥ የራሱ ዕጢ ግን ሥራ ፈትቶ ያንቀላፋል። ከዚያ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ የሚደግፈው ያጣል። በዚህኛው ዓይነት ቆዳው እንደማይጠቁር ማስታወስ ይገባል፤ አለቃይቱ ፒቱታሪም አብራ ተኝታለችና።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የኤች.አይ.ቪ. ምልክት በደም ውስጥ የተገኘው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1984፥ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ በሽተኞች የታወቁት ደግሞ በ1986 ነበር። የመጀመሪያው ዘመን ማለት 1977 ዓ.ም. የረኀቡ ጊዜ መሆኑን አንርሳ፤ ላስታና መላው ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ከደረሰው መቅሠፍት ገና ሳያገግም ሁለተኛው የመጣበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ መክሳትና መጥቆር የአንድ ሰው ምልክት መሆኑ ቀርቶ የአገር መልክ ሆኖ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ በዕጢ ሕመም መጥቆሩን ማን ይለይ ነበር?

መንግሥት ስለ ኤች.አይ.ቪ. ፖሊሲ ያወጣው በ1990 ዓ.ም. ነው። ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በ1995 ዓ.ም. ገደማ በክፍያ ተጀመረ፥ በ1997 ዓ.ም. በነጻ ይሰጥ ጀመር፤ ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ። ይህ በእውነት ትልቅ ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ ሞትን ብቻ ይጠብቅ የነበረ ሰው ተነሥቶ አረሰ፥ ልጆቹንም አሳደገ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ2016 በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ቫይረሱ ያለባቸው ጎልማሶች ከመቶ አንድ የማይሞሉ፥ ማለት 0.9 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሕክምና ውስጥ ከነበሩት መድኃኒቶች አንዱ ዚዶቩዲን ነበር፤ እሱ ደግሞ ጥፍርንና ቆዳን ያጠቁራል። ሌላው ስታቩዲን የጉንጭን ስብ ያጠፋ ነበር። እንግዲህ «ከሳ፥ ጠቆረ» ለሚለው ቃል አዲስ ትርጓሜ ተጨመረለት፤ «መድኃኒቱ ነው» ይባል ጀመር። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነበር። አንዳንድ ጊዜም ሰውየው ሌላ ነገር ይዞት ይሆናል።

ላስታ ከፍ ያለ አገር ነው። ላሊበላ ራሷ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ፥ ከበላይዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ፀሐዩ ፊትን ያከስላል፤ ስለዚህ የፊት መጥቆር ለማንም ምልክት አይሆንም። ሐኪሞች የሚያስተምሩት «ድድን ተመልከት» እያሉ ነው። ይሁን እንጂ በሰሜኑ ደጋ ብዙ ሴቶች ለውበት ብለው ድዳቸውን ይነቀሳሉ፤ የተነቀሰ ድድ ደግሞ ጥቁር ሰማያዊ ነው። በመጽሐፍ የተጻፈው ምልክት በንቅሳት ሥር ይቀበራል ማለት ነው። ንቅሳት የማይደርስበትን፥ የምላስን ጎን፥ የጉንጭን ውስጥ፥ የመዳፍን መሥመርና የአሮጌ ቁስል ጠባሳን መመልከት ይሻላል። ይህን የመሰለ ጉዳይ በውጭ አገር በተጻፈ መጽሐፍ ላይ ይገኛል ብለን አንጠብቅም፤ የእኛ ተማሪዎች ሊጽፉት የሚገባ ነው።

ጾምም ሌላ ጉዳይ ነው። የገና ጾም የሚፈታው ታኅሣሥ 29 በሚውለው በዓል ነው፤ ያን ቀን ላሊበላ የሚገባው ሕዝብ ብዙው በእግሩ ቀናት ተጉዞ፥ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እየቀመሰ ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ይችለዋል፤ የሚያስችለውም ከሌሎች ነገሮች መካከል ይኸው ኮርቲሶል ነው። ዕጢው የደከመ ሰው ግን ውሃም ጨውም ሳያገኝ ቢውል በመንገድ ሊወድቅ ይችላል፤ የሆርሞን ክኒኑም በማለዳ መዋጥ ያለበት ስለሆነ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆይ» የሚባል አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም እንደማታስገድድ ካህናቱ ራሳቸው ያስተምራሉ፤ አስቸጋሪው ሕመምተኛው መታመሙን አለመግለጡ ነው። ስለ ጠበልም ብዙ ክርክር ነበረ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በግልጥ በመናገራቸው ብዙ ሰው ከችግር ወጥቷል። በእኛ ጉዳይ አንድ ነገር ብቻ እንጨምራለን፤ ጠበል ጠጥቶ ያስመለሰ ሰው የዋጠው የሆርሞን ክኒንም አብሮ ይወጣልና በመርፌ ሊተካለት ይገባል።

የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥ ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። የኮርቲሶል ምትክ መድኃኒት ሲቋረጥ ግን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ይህን ልዩነት ያሳሰበን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ነው። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በጦርነቱ ምክንያት ከእጅ ወደ እጅ ስትሸጋገር ቆየች፤ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፥ ዕቃቸውም ተሰባበረ። በየቀኑ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሁሉ ያን ወራት እንዴት እንዳሳለፉት የየአንዳንዱ ቤት ታሪክ ነው፤ ተሰብስቦ ሊጻፍ ይገባዋል። ስለ ኤች.አይ.ቪ. በሽተኞች የሚጽፉ ሰዎች መድኃኒቱ ስንት ቀን እንደ ተቋረጠ ሲጠይቁ፥ ከዚያው ጋራ ፕሬድኒሶሎን ወይም ሃይድሮኮርቲዞን የሚወስድ ሰው እንደ ነበረ ቢጠይቁ መልካም ነው እንላለን።

አንድ መምህራችን ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አይተው «የኮርቲሶል መለኪያ በሌለበት አገር ስለ አድሬናል ማውራት ቅንጦት አይሆንም ወይ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ተገቢ ነው። የኮርቲሶል ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ ይፈልጋል፤ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ በቀላሉ አይገኝም፤ ሃይድሮኮርቲዞን ክኒንም በብዙ የአፍሪካ አገሮች ስለማይገኝ ፕሬድኒሶሎን ይተካዋል። ነገር ግን አዲሰንም በ1855 መለኪያ አልነበረውም። በጤና ጣቢያ ያለች ነርስ የደም ግፊት መለኪያ አላት። በሽተኛውን አስተኝታ ትለካለች፤ አስነሥታም ጥቂት ቆይታ እንደገና ትለካለች፤ በመቆሙ ግፊቱ እጅግ ከወረደ፥ ከዚያም ጋራ ጨው የሚያምረው፥ የሚያስመልሰው፥ የነቀርሳ መድኃኒት በቅርቡ የጀመረ ከሆነ «ደም ማነስ ነው» ብላ አታሰናብተውም። ከወደቀ ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታው ሩቅ አይደለም፤ 100 ሚሊግራም ሃይድሮኮርቲዞን በመርፌ፥ ከዚያም በደም ሥር የሚገባ የጨው ውሃ ነው። ምርመራው ሳይመጣ ቢሰጠው ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ምርመራው እስኪመጣ ቢጠበቅ ግን በሽተኛው አይጠብቅም።

ጓደኛችን የእናቱን የሕክምና ካርድ እስካሁን አኑሮታል። ባለፈው ክረምት አሳይቶን ነበር። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት የደም ግፊታቸው ሁለት ጊዜ ተለክቷል፤ ሁለቱም ጊዜ ተቀምጠው ነው።